ወገቤ ቀነሰ፣ ኪሎዬ ግን ያው ነው፤ ጂሙን ልተወው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ባዶ ሆዴን ጤና ጣቢያ ስመዘን 74 ኪሎ ነበርኩ። ከዚያ ጂም ጀመርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት አነሳለሁ፤ በቀሩት ቀናት ጠዋት ጠዋት ፈጠን ፈጠን እያልኩ እራመዳለሁ። ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ብወጣ 73 ተኩል አለኝ። ለሦስት ወር ልፋት ግማሽ ኪሎ! የገረመኝ ግን፣ ለጥር ሠርግ ያሰፋሁት ቀሚስ ስለሰፋኝ ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድኩት። ደብተሩን ገልጦ ‹ወገብሽ 93 ነበር፣ አሁን 89 ነው› አለኝ። እናቴም ከቢቸና መጥታ ስታየኝ ‹ምነው ልጄ ከሳሽብኝ፣ አሞሻል እንዴ?› አለች። ማንን ልመን? ገንዘቤን እያባከንኩ ከሆነ ጂሙን ልተወው። ወይስ እራት ልቁረጥ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጂሙን አትተዪው። እራትሽንም አትቁረጪ። ልብስ ሰፊውን እመኚው። የእናትሽም ዓይን አልሳተም፤ የሳቱት «አሞሻል እንዴ» ያሉት ላይ ብቻ ነው። በእኛ አገር የከሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቸግሯል፣ የወፈረ ደግሞ ተመችቶታል ነው የሚባለው። ወዶ የቀነሰ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ አያልፍም። እኔ እንደማየው ብዙ ሰው ስፖርት የሚያቆመው ደክሞት ሳይሆን ይህን ወሬ መስማት ሰልችቶት ነው።

ሚዛኑም ቢሆን አልዋሸሽም። አንቺ ማወቅ የፈለግሽው ስብሽ መቀነሱን ነው። እሱ የነገረሽ ደግሞ አጥንትሽን፣ ውኃሽን፣ ምሳሽንና ጫማሽን ደምሮ ነው። የጤፍ ነጋዴ ጆንያውን መዝኖ ብቻ አይገዛም፤ እጁን ሰዶ ዘግኖ ያያል። ሚዛን ላይ ስንወጣ የምናውቀው የጆንያውን ኪሎ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የተመዘንሽባቸውን ሁለት ቀናት እንያቸው። አንደኛው ሁዳዴ ነው፤ ከማታ ጀምሮ አልቀመስሽም። ሁለተኛው በዓለ ሃምሳ ነው፣ ያውም እሑድ ከምሳ በኋላ። ቡናውም ተጠጥቷል። ሚዛኑ ሌላ ነው፣ ሰዓቱ ሌላ ነው። በማርቆስ ብርድ ጃኬትሽን አውልቀሽ የወጣሽም አይመስለኝም። ጃኬትና ጫማ ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ጠጥተሽ ወዲያው ብትመዘኚ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ይጨምርብሻል። እንጀራም ቢሆን ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። ስለዚህ 74ና 73 ተኩልን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ግማሽ ኪሎ ቀነስኩ» ማለት አይቻልም። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ብትመዘኚ ኖሮ ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ሆኖ ብታገኚው አይገርመኝም።

ሌላም አለ። ጉበትና ጡንቻ ከምግብ ያገኙትን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጡታል። ክምችቱ በድምሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ግራም ግን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ክምችቱ ሲሟጠጥና ሲሞላ ሚዛኑ እስከ ሁለት ኪሎ ሊወርድና ሊወጣ ይችላል፤ ስብሽ ግን ያው ነው። ክብደት ማንሳት የጀመረ ሰው ጡንቻው ከበፊቱ የበለጠ ግላይኮጅን መያዝ ይለምዳል። በዚያ ላይ ጂም የሠራሽ ማግስት ደረጃ ስትወርጂ ጭንሽን የሚይዝሽ ሕመም አለ አይደል? የተጎዳው ጡንቻ ራሱን ሲጠግን ውኃ ይስባል። ጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ጂም ገብቼ ጭራሽ ጨመርኩ» የሚሉት በዚህ የተነሳ ነው።

ጨውም ውኃ ያስይዛል። የወር አበባ ሊመጣ ሲልም ብዙ ሴቶች ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ይታያል። አንድ ኪሎ እውነተኛ ስብ ለመጨመር ግን ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መብላት ያስፈልጋል። ፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ላይ ተቀምጦ እስከ ማታ የበላ ሰው እንኳ እዚህ መድረስ ይከብደዋል። (ሞካሪዎች አልጠፉም።) የፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ ወጥቶ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ካየሽ አብዛኛው ውኃና ገና ያልወጣ ምግብ መሆኑን ንገሪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ጡንቻ ከስብ ይከብዳል» ሲባል ጂም ውስጥ ሳትሰሚ አልቀረሽም። ኪሎ ኪሎ ነው። የሚለያዩት በሚይዙት ቦታ ነው። አንድ ሊትር ስብ 900 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ጡንቻ 1,060 ግራም ገደማ። እንግዲህ 2 ኪሎ ስብ አጥተሽ 2 ኪሎ ጡንቻ ብታገኚ፣ የጠፋው 2.2 ሊትር፣ የመጣው 1.9 ሊትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ይሄ ለመላው ሰውነት ሲከፋፈል ቀሚስ የሚያሰፋ አይደለም። አሠልጣኞች «ስቡ ወደ ጡንቻ ተቀየረ፣ ጡንቻ ደግሞ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው» ብለው ሲያስረዱ ጉዳዩን ከግማሽ በታች ነው የነገሩሽ። ስብ ወደ ጡንቻ አይቀየርም። አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ያድጋል፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ።

ታዲያ 4 ሴንቲው የት ሄደ? ስቡ የጎደለው ጡንቻው ከመጣበት ቦታ አይደለም። ስኳት (ቁጭ ብድግ) እና ክብደት የሚያሳድጉት ጭንን፣ መቀመጫን፣ ጀርባንና ትከሻን ነው። ስብ ግን ሰውነት በፈለገው ቅደም ተከተል ከየቦታው ይወጣል፤ ስፖርት ሲሠራ ከሆድ ዕቃ ውስጥም ይቀንሳል። ስለዚህ ወገብ ይጠባል፣ ጭን ይጠነክራል፣ ድምሩ ያው ሆኖ ይቀመጣል። ሚዛኑ ድምሩን እንጂ ዝውውሩን አያይም። ሜትር ግን ያያል።

ሆድ የሠራ ሁሉ ቦርጩ የሚጠፋ ይመስለዋል። አይደለም። ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከላዩ ያለውን ስብ መርጦ አያቀልጥም። ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ትሬድሚል ላይ የሚሮጡትም ያጡት ላብ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ሲጠጡ ተመልሶ ይመጣል። ሚዛኑን ለአንድ ሰዓት ከማስደሰት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ወገብ ከሌላው የሰውነት ክፍል የበለጠ የሚፈለግበት ምክንያት አለ። ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣትሽ ቆንጥጠሽ የምትይዥው ስብ አንድ ነው። በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ሌላ ነው። ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር አብልጦ የሚያያዘው ይህ የውስጡ ነው። ስፖርት ደግሞ ይህን የውስጥ ስብ ሚዛኑ ሳይነቃነቅም ሊቀንሰው ይችላል። ግማሽ ኪሎ ብቻ ቀነስኩ ብለሽ ልትተዪው ያሰብሽው ነገር ይሄንን እየሠራልሽ ሊሆን ይችላል።

ቁጥር ከፈለግሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለሴት ወገብ 80 ሴንቲ ሲያልፍ አደጋው ይጨምራል፣ 88 ሲያልፍ በጣም ይጨምራል ይላል። ለወንድ 94ና 102 ነው። እነዚህ ልኮች ከአውሮፓውያን ጥናት የወጡ ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላለነው ለእኛ የራሳችን ጥናት እስኪሟላ የአውሮፓውያኑን እንድንጠቀም ነው የመከረው። እኔ ከዚህ ይልቅ የምወደው ቀለል ያለውን ነው፤ ወገብሽ ከቁመትሽ ግማሽ አይብለጥ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2022 ለሕዝቡ የመከረውም ይህንኑ ነው። የቁመትሽ ግማሽ 81 ሴንቲ ነው። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ፤ መንገዱን ይዘሽዋል፣ ግን ገና ነሽ።

ኪሎን ለቁመት ካሬ የማካፈሉ ቀመር፣ ቢ ኤም አይ የሚሉት፣ ላንቺ 28 ያወጣል። ከልክ ያለፈ ክብደት የሚባለው ውስጥ ነው። ቀመሩ የመጣው በ1830ዎቹ አካባቢ አዶልፍ ኬትሌ ከሚባል የቤልጂየም የስታትስቲክስ ሊቅ ነው። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ የሕዝብን አማካይ ነበር የሚያጠናው። አንድን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ «አንተ እንዲህ ነህ» ለማለት አልነበረም። ቀመሩ ጡንቻና ስብ አይለይም። ስፖርቱን ስትሠሪ ብትቆዪና ወገብሽ 81 ቢደርስ፣ ቢ ኤም አይሽ 26 ላይ ቢቀር እኔ አልጨነቅም።

ልብስ ሰፊው ያለሽ 89 ግን ሐኪም የሚለካው ወገብ ላይሆን ይችላል። ልብስ ሰፊ ሜትሩን የሚያሳርፈው ቀሚሱ በሚያርፍበት ነው። ከልብስ በላይ ይለካል። ከሜትሩ ሥር ሁለት ጣቱን ይሰዳል፤ እንዳይጠብሽ ብሎ አንድ ሁለት ሴንቲም ሊጨምር ይችላል። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ጊዜ የለካሽ እሱ ራሱ ከሆነ ልዩነቱን እመኚው፤ 4 ሴንቲው ተጋኖ ቢሆን እንኳ ሦስቱ አይቀርም። የ80ና የ88ቱን ልክ ግን ከእሱ ቁጥር ጋር አታመሳክሪ። ለዚያ ራስሽ መለካት አለብሽ።

ሜትር ግዢ፣ ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን። ያረጀ ሜትር ይለጠጣል፤ ከማስመሪያ ጎን አድርገሽ 30 ሴንቲው ገጥሞ እንደሆነ እዪ። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳትበዪ ለኪ። ልብስሽን ገልጠሽ፣ ራቁት ቆዳሽ ላይ። እግርሽን ትንሽ ከፈት አድርገሽ ቁሚ። አሁን ጎንሽን በጣትሽ ዳብሺ። የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት ታገኛለሽ። ከዚያ ወደ ታች ውረጂ፤ የዳሌ አጥንትሽ ጫፍ ይመጣል። የሁለቱ መሀል ነው ወገብሽ። እንብርት ላይ የሚለኩ አሉ፤ ችግሩ እንብርት ሆድ ሲቀንስ አብሮ መውረዱና መውጣቱ ነው። ሜትሩ ከኋላ እንዳይወርድብሽ መስታወት ፊት ቁሚ። ቆዳሽን ይንካ እንጂ አይጫነው። ሆድሽን አታስገቢ፤ ማንም አያይሽም። በተለመደው አተነፋፈስ አስወጪና ልክ ትንፋሽሽ ሲያልቅ አንብቢ። ፈትተሽ ድገሚው። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ ሴንቲ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ለኪ።

ዳሌሽን ከመቀመጫሽ በጣም በወጣበት ለኪ። ጭንሽንና ክንድሽን በቀኝ በኩል፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ቦታው እንዳይጠፋሽ ከጉልበትሽ ስንት ሴንቲ ወደ ላይ እንደሆነ ጻፊው። እነዚህ ባይቀንሱ አትከፊ፤ ክንድሽ ያው ሆኖ ጠንክሮ፣ ወገብሽ ከወረደ ከዚህ የተሻለ ውጤት የለም። ክንድሽም ጭንሽም ወገብሽም እኩል እየቀነሱ፣ አቅምሽም እየወረደ ከሆነ ግን ጡንቻ እያጣሽ ነውና ምግብሽን እዪ።

በየቀኑ አትለኪ፤ ያሳብድሻል። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ዋናውን ንጽጽር ግን በአራት ሳምንት አድርጊው፣ የወር አበባሽ ባለቀ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን። ያኔ ውኃው አያታልልሽም። ከሜትሩ ጎን ሌሎች ነገሮችም ጻፊ። ጂም የጀመርሽ ሰሞን ስንት ኪሎ ታነሺ ነበር፣ አሁንስ? ጠዋት የምትወጪያት ዳገት ላይ አሁንም ቆመሽ ትተነፍሻለሽ ወይስ እያወራሽ ትወጫለሽ? ከመኝታሽ ሳትነሺ የልብ ምትሽን ቁጠሪ፤ በወራት ውስጥ ዝቅ እያለ ከመጣ ልብሽ እየጠነከረ ነው።

ሜትር የሌለው ሰው ሲባጎ ይበቃዋል። ለእናትሽም ይሄን አሳዪያቸው። ሲባጎውን በሰውየው ቁመት ልክ ቁረጪው። እጠፊውና ግማሹን በወገቡ ዙሪያ አዙሪ። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ደህና ነው። ካልተገናኘ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ አልፏል ማለት ነው። ማንበብ አይጠይቅም፣ ቁጥር አይጠይቅም። ቁምጣ ለባሽ አባወራም ከገበያ መልስ ቆሞ ሊለካው ይችላል። እጅና እግራቸው ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያወጡ ሰዎችን ሚዛኑ «ደህና ናችሁ» እያለ ያሳልፋቸዋል፤ ሲባጎው አያሳልፋቸውም።

ሚዛኑን ጣዪው እያልኩሽ አይደለም። የልብ ድካም ያለበት ሰው በየቀኑ መመዘን አለበት፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውኃ እየያዘ ነውና ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለ ሚዛን አይሆኑም። ሳይፈልግ በስድስት ወርም በዓመትም ከክብደቱ ከመቶ አምስት ያህል ያጣ ሰው፣ ላንቺ ወደ 4 ኪሎ ማለት ነው፣ መመርመር አለበት። እናትሽ «አሞሻል እንዴ» ማለታቸው እንዲህ ላለው ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እጅና እግር እየከሳ ሆድ ብቻውን እየተነፋ የሚሄድ ከሆነም የስፖርት ጉዳይ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ነው። አንቺ ጋ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። መመዘን ካማረሽ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን ተመዝነሽ አማካዩን ያዢ። የአስፋልት ዳሮቹን ልጆች ሥራቸውን አልነካባቸውም፤ ግን ሚዛናቸው ሸካራ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትክክል ይነግርሻል ብለሽ አትጠብቂ።

እራቱስ? እራት ብትቆርጪ ሚዛኑ ይወርዳል፤ ግን ክብደት እያነሳሽ ፕሮቲን ካጎደልሽ ከሚወርደው ውስጥ ጡንቻ አለበት። ላንቺ በኪሎ 1.2 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢደርስሽ ጥሩ ነው፣ በቀን ወደ 90 ግራም። አሁን ፍስክ ነው፤ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ እርጎው አለ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጥሻል። የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። ሽሮውም ቀጠን ሳይል ወፈር ይበል። የሽምብራና የባቄላ ቆሎ ቢሮ ይዘሽ ሂጂ። የሚቀነሰው ሌላ ነው፤ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሦስተኛው እንጀራ። ከጓደኛ ጋር ሲሆን የማይቆጠረው ለስላሳም አለ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ በስምንት ሳምንት ውስጥ ወገብሽም ሚዛንሽም ንቅንቅ ካላሉ፣ ያኔ ለውጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የምነካው ምግቡን ነው፣ ከእንጀራው በየማዕዱ ሩብ ያህል ቀንሼ በምስር ወይም በጎመን መተካት። ሁለተኛ ክብደቱን እዪ፤ ከሦስት ወር በፊት ያነሳሽውን ዳምቤል እስካሁን የምታነሺ ከሆነ ጡንቻሽ የሚያድግበት ምክንያት የለውም፣ አሠልጣኝሽ ይጨምርልሽ። ሦስተኛ እንቅልፍሽን። ሦስቱም ተስተካክለው አራት ሳምንት ካለፈና አሁንም ምንም ከሌለ፣ ልኮችሽን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የታይሮይድና የስኳር ምርመራ ይታዘዝልሻል።